ማን ተጋበዘ፣ ምን ተነገረ፦ የሀርቫርድ ኮሌጅ 300ኛ ዓመት በዓል የጉዳይ ጥናት

የኮሌጅ ምሥረታ በዓል ኮሚቴ ሲዋቀር ስብሰባው ቶሎ የሚሞቀው በባነር፣ በከነቴራና በክብር እንግዳ ጉዳይ ላይ ነው። ጥናት የሚቀርብበት ሰዓትም መርሐ ግብሩ ላይ ይገባል፤ የመክፈቻ ንግግሮች በረዘሙ ቁጥር ግን የሚሸረፈው እሱ ነው። ወራት የተዘጋጀበትን ጽሑፍ ይዞ የመጣ መምህር «አምስት ደቂቃ አለህ» ተብሎ ይወርዳል። ይህን ልማድ የገለበጠ በዓል ስፈልግ ያገኘሁት፣ ሀርቫርድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1936 ሦስት መቶኛ ዓመቱን ያከበረበትን ነው። እዚያ ትምህርቱ ቀደመ፤ ሰልፉና ካባው ተከተለ። ይኸው በዓል ግን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዝምታ ሊያልፈው የማይገባ የእንግዳ ምርጫም ነበረበት። ሁለቱን ለያይቶ ማቅረብ በዓሉን በግማሽ መተረክ ስለሚሆን አብሬ አቀርባቸዋለሁ።

ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ዘመን አቆጣጠር የምጠቅሳቸውን ለይቼ እገልጻለሁ።

ቀኑ እንዴት ተቆረጠ?

የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሸንጎ ኦክቶበር 28 ቀን 1636 ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ 400 ፓውንድ እንዲሰጥ ወሰነ። በዚያ ቀን መምህርም፣ ተማሪም፣ ቤትም አልነበረም። በማግስቱ ዓመት ኮሌጁ ኒውታውን በተባለችው መንደር እንዲሠራ ተወሰነ፤ መንደሯም በ1638 ካምብሪጅ ተባለች። በዚያው ዓመት ጆን ሀርቫርድ የተባለ ወጣት ሰባኪ ገና በ30 ዓመቱ ሲሞት፣ ከሀብቱ እኩሌታውንና ወደ 400 የሚጠጉ መጻሕፍቱን ለኮሌጁ አወረሰ። በ1639 ኮሌጁ በስሙ ተጠራ። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ተማሪዎች የተመረቁት በ1642 ነው።

ታዲያ ልደቱ የትኛው ነው? የሸንጎው ውሳኔ? ትምህርት የተጀመረበት ቀን? ስም የወጣበት? ወይስ የመጀመሪያው ምረቃ? ከእነዚህ ማናቸውንም ይዞ መከራከር ይቻላል። በግቢው ውስጥ ያለው የጆን ሀርቫርድ ሐውልት ላይ የተጻፈው 1638 ነው፤ ሀርቫርድንም «መሥራች» ይለዋል። ኮሌጁ ራሱ ግን የሚቆጥረው ከ1636ቱ ውሳኔ ነው፤ በዚያ ውሳኔ ውስጥ ደግሞ ጆን ሀርቫርድ የለበትም።

ዓመቱ ከተቆረጠ በኋላ የቀኑ ጉዳይ ይመጣል። ኦክቶበር 28 በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ነው፤ በአዲሱ ኖቬምበር 7 ላይ ይውላል። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል ለምንኖር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሀርቫርድ ሰዎች ሁለት መቶኛውን ዓመት በሴፕቴምበር 8 ቀን 1836፣ 250ኛውን በኖቬምበር 1886፣ ሦስት መቶኛውን ደግሞ እንደገና በሴፕቴምበር አከበሩ። ከዚህ የምረዳው የምሥረታ ቀን መዝገብ ተገልጦ ብቻ የሚገኝ ነገር አለመሆኑን ነው። ተቋሙ ከታሪኩ ውስጥ የትኛውን ድርጊት እንደ ልደቱ እንደሚቆጥር ይመርጣል፤ ሀርቫርድ የመረጠው ሕዝብ በሸንጎው በኩል ገንዘብ የመደበበትን ቀን ነው። ጥሩ ምርጫ ይመስለኛል። ለጋሹ ከተከበረ አንድ ሰው ይከበራል፤ ውሳኔው ከተከበረ ግን ለትምህርት ከራሱ ጉሮሮ የከፈለ ማኅበረሰብ ይከበራል።

ከመቶ ዓመት በፊት የተተወ የቤት ሥራ

የ1936ቱን በዓል ለመረዳት የ1836ቱን ማየት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ጆሳያ ክዊንሲ ነበሩ። ክዊንሲ የኮሌጁን ታሪክ ለመጻፍ አሮጌ መዛግብት ሲያገላብጡ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተነደፈ የማኅተም ሥዕል አገኙ፤ ሦስት የተገለጡ መጻሕፍት ያሉበት፣ በላያቸው «እውነት» የሚል የላቲን ቃል የተጻፈበት። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ተረስቶ የኖረው ይህ ምልክት በበዓሉ ላይ በሰንደቅ ተሰቅሎ ታየ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የሀርቫርድ አርማ የበዓል ዝግጅት ውጤት ነው ማለት ነው። ዛሬ በሹራብ ላይ ሳይቀር የሚታየው ያ ምልክት መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ነበር።

ክዊንሲ ሌላም ነገር አደረጉ። ከምሩቃን ለበዓሉ የተጻፉትን ደብዳቤዎች ጠቅልለው አሸጉና፣ በ1936 በሀርቫርድ ፕሬዚዳንት እንጂ ከዚያ በፊት በማንም እንዳይከፈት የሚል ትእዛዝ ጻፉበት። የምሩቃኑ ስብሰባም በመደበኛው መንገድ አልተዘጋም። ለሴፕቴምበር 8 ቀን 1936 ተቀጠረ። መቶ ዓመት የተቀጠረ ስብሰባ! ያን ውሳኔ ካጸደቁት መካከል ቀጠሮው ሲደርስ አንዳቸውም እንደማይኖሩ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ጥቅሉ ሳይጠፋ፣ ማኅተሙም ሳይሰበር ቆይቶ በቀኑ በፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንት እጅ ተከፈተ። በመካከሉ የእርስ በርስ ጦርነትና የዓለም ጦርነት አልፈዋል፤ ኮሌጁ ከትንሽ ትምህርት ቤትነት ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። ሆኖም በየዘመኑ የተሾመው የመዝገብ ጠባቂ ለሚቀጥለው እያስረከበ አደረሰው። ለኔ ከሰልፉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በየኢዮቤልዩው የሚታተመው ልዩ መጽሔት ከአሥር ዓመት በኋላ በራሱ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የማይገኝበት ቦታ ብዙ ነው።

ዝግጅቱ

ኮናንት ኬሚስት ነበሩ፤ በ1933 በ40 ዓመታቸው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። የበዓሉ ዳይሬክተር ሆነው የተሾሙት ጀሮም ግሪን ነበሩ። ታሪኩን እንዲጽፉ የተመደቡት ደግሞ የታሪክ ተመራማሪው ሳሙኤል ኤልየት ሞሪሰን ናቸው። ሞሪሰን የኮሌጁን አመሠራረት የሚተርክ ጥናታቸውን በ1935፣ ሦስቱን መቶ ዓመታት ባንድ ላይ የያዘውን መጽሐፍ ደግሞ በበዓሉ ዓመት አወጡ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የኮሌጅ ታሪክ የሚጻፈው በአብዛኛው በመጨረሻው ወር ነው፤ ከየክፍሉ «አጭር ጽሑፍ አምጡ» ተብሎ ይለቃቀምና፣ የዲኖች ፎቶግራፍ በተርታ ይገባበትና ይታተማል። ሞሪሰን የተሰጣቸው ግን ለአንድ ከባድ ሥራ የሚበቃ ጊዜ ነው። እንግሊዝ አገር ድረስ የሄደውን የኮሌጁን ሥርወ ታሪክ፣ ጆን ሀርቫርድ የተማረበትን የካምብሪጁን ኢማኑኤል ኮሌጅ፣ የመጀመሪያውን ሥርዓተ ትምህርት ሳይቀር ተከታትለው ጻፉ። በዓሉ አለፈ፤ መጽሐፎቹ ግን እስከ ዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች የሚጠቅሷቸው ሥራዎች ናቸው።

ንግግሮቹ

ከኦገስት 31 እስከ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1936 የኪነ ጥበብና የሳይንስ ጉባኤ ተካሄደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከየአገሩ የመጡ ሊቃውንት ሥራቸውን አቀረቡ። ሥነ ሥርዓቱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከሴፕቴምበር 16 እስከ 18 ነው።

ጉባኤው የተቀናበረበት መንገድ አስተዋይነት ነበረው። ሁሉም በየሙያው ክፍል ገብቶ ከባልንጀራው ጋር ብቻ እንዳይነጋገር፣ አንድን ጥያቄ ከብዙ አቅጣጫ የሚያዩ የጋራ መድረኮች ተዘጋጁ። አንደኛው የሰውን ባሕርይ የሚወስነው ምንድን ነው የሚል ነበር። በዚያ መድረክ ላይ የነርቭ ተመራማሪው ኤድጋር ኤድሪያን፣ በሆርሞን ጥናት የታወቁት ጄምስ ኮሊፕ፣ የሥነ ልቡና ሊቃውንቱ ካርል ዩንግ፣ ፒዬር ዣኔና ዣን ፒያዤ፣ የሥነ አመክንዮ ፈላስፋው ሩዶልፍ ካርናፕ፣ የኅብረተሰብ አጥኚው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ተናገሩ። ነርቭ፣ ዕጢ፣ ሕልም፣ የልጅ አእምሮ፣ አመክንዮ፣ ባህል፤ ሁሉም ለአንድ ጥያቄ መልስ ሊሆኑ ቀረቡ። ሁለተኛው መድረክ ሥልጣንና ግለሰብ የሚል ርእስ ነበረው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሦስተኛው ተቋማት፣ አስተሳሰብና ኪነ ጥበብ በየሕዝቡ መካከል እንዴት በራሳቸው እንደሚበቅሉ፣ እንዴት እንደሚመሳሰሉና እንዴት እንደሚወራረሱ ይመረምር ነበር። ሦስቱም በ1937 በመጽሐፍ ታትመው ወጡ።

ከንግግሮቹ ሁሉ አንዱን ልምረጥ ብል የእንግሊዛዊውን የሒሳብ ሊቅ የጎድፍሬይ ሃርዲን እመርጣለሁ። ሃርዲ በጉባኤው መክፈቻ ቀን የተናገሩት ስለ ራሳቸው ሥራ አልነበረም፤ ከማድራስ ስለ መጣውና በ1920 በ32 ዓመቱ ስለ ሞተው ስለ ሕንዳዊው ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ነበር። ራማኑጃን መደበኛ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ያልጨረሰ የቢሮ ጸሐፊ ነበር፤ በደብዳቤ የላከላቸውን ቀመሮች አይተው ወደ እንግሊዙ ካምብሪጅ ያስመጡት ሃርዲ ናቸው። ሦስት መቶ ዓመቱን በሚያከብር፣ ስሙ በከበረ ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የትምህርት ተቋማት ጥለውት ስለነበረ ሊቅ መናገር ትልቅ ነገር ነው። ሃርዲ ግን ለማሳዘን አልተናገሩም። የራማኑጃንን ሒሳብ አንድ በአንድ አቀረቡ፤ የቱ አዲስ እንደሆነ፣ የቱ ቀድሞ የታወቀ እንደነበረ፣ የቱ ስሕተት እንደነበረ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ያ ንግግር በ1940 ስለ ራማኑጃን ባሳተሙት መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሆነ።

የክብር ዶክትሬቱም ከዚህ ሥራ ጋር ተያይዞ ነበር። በመጨረሻው ቀን 62 ሰዎች የክብር ማዕረግ ተቀበሉ፤ ሁሉም የምርምር ሰዎች ነበሩ። ሚኒስትር፣ ባለ ባንክ፣ ጄኔራል በመካከላቸው አልነበረም። ማዕረግ የሚሰጠው ለዕውቀት ሥራ ነው ያለ ተቋም በልደቱ ቀን ይህን በተግባር አሳየ፤ እስከዚህ ድረስ ከልብ የሚደነቅ ነው።

ሃይደልበርግና ኮራዶ ጂኒ

በዚያው በ1936 ሌላ ትልቅ የምሥረታ በዓል ነበር። በ1386 የተመሠረተው፣ በጀርመን አገር በዕድሜ ቀዳሚ የሆነው ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ 550ኛ ዓመቱን ሊያከብር የዓለምን ዩኒቨርሲቲዎች ጠራ። ግን የትኛው ሃይደልበርግ? ከሦስት ዓመት በፊት ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የሕግ ሊቁን ጉስታቭ ራድብሩክን ጨምሮ ብዙ መምህራን፣ አይሁድ ናችሁ ወይም ተቃዋሚ ናችሁ ተብለው ከመንበራቸው ተባረዋል። የዩኒቨርሲቲው አዲስ ሕንፃ የተሠራው በጀርመን የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ጄኮብ ጉልድ ሹርማን ከአሜሪካውያን በሰበሰቡት ገንዘብ ነበር፤ በሩ ላይ «ለሕያው መንፈስ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበት ነበር። ናዚዎች ያን አንሥተው «ለጀርመን መንፈስ» የሚል ተኩበት። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያፈለቁት የሥነ ጽሑፍ ሊቁ ፍሪድሪክ ጉንዶልፍ አይሁዳዊ ነበሩ።

የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሪውን አልተቀበሉም። የደረም ጳጳስ ሄንስሊ ሄንሰን በጋዜጣ ባወጡት ደብዳቤ ወደዚያ በዓል መሄድ የተባረሩትን መምህራን መካድ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ኦክስፎርድና ካምብሪጅም ቀሩ። ሀርቫርድ ግን ልዑክ እልካለሁ አለ። የሰጠውም ምክንያት፣ የዓለምን ዩኒቨርሲቲዎች ያስተሳሰረው ጥንታዊ ገመድ በአንድ አገር በአንድ ወቅት ካለ የፖለቲካ ሁኔታ በላይ ነው የሚል ነበር። የኒው ዮርኩ ኮለምቢያ ዩኒቨርሲቲም ልዑክ ላከ፤ የተቃወሙ ተማሪዎች ነበሩ፤ የተቃውሞው መሪ ከትምህርት ገበታው ተባረረ።

በዓሉ ከጁን 27 እስከ 30 ተከበረ። የትምህርት ሚኒስትሩ በርንሃርድ ሩስት በመድረኩ ላይ ያስተላለፈው መልእክት፣ ከወገንተኝነት ነጻ የሆነ ሳይንስ የሚባለው አሮጌ አስተሳሰብ እንዳበቃለትና ሳይንስ በናዚ ዓለም አተያይ ላይ መቆም እንዳለበት ነበር። ከአሜሪካ የሄዱት ልዑካን ካባቸውን ለብሰው ይህን ሲሰሙ ተቀምጠዋል። የበዓሉ መዝጊያ ቀን ጁን 30 በኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1928 ነው። በዚያው ዕለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ በሕዝባቸው ላይ ስለ ረገፈው መርዝ ተናግረዋል። ጋዜጠኞች ተብለው የገቡ ጣሊያኖች እያፏጩ ሊያቋርጧቸው ሞክረው ነበር።

ይህን ያነሣሁት ቀኑ ስለ ገጠመ ብቻ አይደለም። በሴፕቴምበር የሀርቫርድ ጉባኤ «ሥልጣንና ግለሰብ» በሚለው መድረክ ከተናገሩት አንዱ ጣሊያናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኮራዶ ጂኒ ነበር፤ የክብር ዶክትሬትም ተሰጠው። የኢኮኖሚ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ የጂኒን መለኪያ ያውቀዋል፤ የገቢ ልዩነትን የምንለካበት ነው። ጂኒ ግን በሙሶሊኒ ዘመን እስከ 1932 የጣሊያንን የስታቲስቲክስ ተቋም የመራ፣ በ1927ም ፋሺዝምን በሳይንስ መሠረት ላይ ሊያቆም የሞከረ ጽሑፍ ያሳተመ ሰው ነው። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነበር። ጂኒ ማዕረጉን የተቀበለው መስከረም 8 ቀን 1929 ነው። መካከላቸው ያለው ጊዜ አምስት ወር እንኳ አይሞላም።

ለኮናንት ቡድን ፍትሐዊ ለመሆን፣ በዚያው መድረክ ላይ ሌላ ማን እንደነበረ መናገር ይገባኛል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ ስለ ሥልጣንና ስለ ማኅበራዊ ለውጥ ተናግረዋል። ናዚዎች በ1933 ከኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ያባረሯቸው የሕግ ሊቅ ሃንስ ኬልሰንም ነበሩ፤ እሳቸውም የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል። ስለዚህ ሥልጣንና ግለሰብ የሚለው ጥያቄ በተባረረውና በፋሺዝም ወገን በቆመው ሰው ፊት ባንድነት ቀርቧል። ይህ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ሐሳብ ከሐሳብ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ያ ነው። ጂኒን ለክርክር መጥራትን እኔ አልቃወምም።

የምቃወመው ካባውን ነው። ለአንድ ሰው መድረክ መስጠትና ማዕረግ መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መድረክ ላይ የወጣ ሰው ይጠየቃል፣ ይሞገታል፤ ካባ የለበሰ ሰው ይጨበጨብለታል። ወደ ሃይደልበርግ መሄድም እንዲሁ ነው። የሀርቫርድ ልዑክ እዚያ ሄዶ ስለ ራድብሩክ መባረር የሚጠይቅበት የውይይት ሰዓት አልነበረውም፤ የነበረው የእንግዳ ወንበር ብቻ ነው። ሩስት የፈለገው የልዑኩን ሐሳብ አልነበረም፤ ልዑኩ ተቀምጦ መታየቱን ነው። የዩኒቨርሲቲዎች ገመድ ከፖለቲካ በላይ ነው የሚለው መርሕ የተባረሩትንም መምህራን የሚይዝ ከሆነ ብቻ መርሕ ይሆናል፤ እነሱን ፈትቶ ያባረራቸውን የሚያስር ገመድ ግን ያባራሪው ነው። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን በጊዜው አይተውታል፤ ማስረጃው ከ1945 በኋላ የተገኘ አልነበረም።

አንድ ንግግር በሁለት ፕሬዚዳንቶች መካከል

ሌላው አስቸጋሪ እንግዳ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት የሀርቫርድ ምሩቅ ናቸው፤ ብዙ ባለጸጋ ምሩቃን ግን የኢኮኖሚ ፖሊሲያቸውን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። በተጨማሪም ምርጫ ሊደረግ ሁለት ወር አልቀረም ነበር። የከሰዓት በኋላውን የምሩቃን ስብሰባ የሚመሩት የቀድሞው የሀርቫርድ ፕሬዚዳንት አቦት ላውረንስ ሎውል፣ ንግግራቸው ከፖለቲካ የራቀና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የማይበልጥ እንዲሆን ለሩዝቬልት ጻፉላቸው። ሩዝቬልት በደብዳቤው ተቆጡ፤ በሕግ መምህሩ በፌሊክስ ፍራንክፈርተር በኩል ምክር ጠየቁ፤ በመጨረሻ ግን መጡ።

ንግግራቸው እንዲህ ያለ መድረክ ላይ እንዴት መናገር እንደሚገባ የሚያስተምር ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ጃክሰን ፕሬዚዳንት ሳሉ ብዙ ምሩቃን ስለ አገሪቱ ሁኔታ ተጨንቀው እንደነበር አስታወሱ፤ ከ50 ዓመት በፊት ክሊቭላንድ ፕሬዚዳንት ሳሉም እንዲሁ ተጨንቀው ነበር፤ አሁን በሦስት መቶኛው ደግሞ ፕሬዚዳንቱ እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ወዲያ የሰውን አእምሮ ነጻነት መጠበቅ የሀርቫርድም የአሜሪካም ድርሻ መሆኑን ተናገሩ። የምርጫ ቅስቀሳ አልነበረበትም። አዘጋጆቹ ንግግሩን ሊገድቡት ሞከሩ፤ ተናጋሪው ራሳቸው በታሪክ ገደቡት። ባለ ሥልጣን በሚጋበዝበት የኮሌጅ በዓል ሁሉ ጭንቀቱ ይኸው ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ደቂቃ ከመቁጠር ይልቅ ተናጋሪው የሚነሣበትን የተቋሙን ታሪክ አስቀድሞ በእጁ ማድረግ የተሻለ መሆኑን ነው።

ያ ቀን ሴፕቴምበር 18 ነበር። በቤተ መጻሕፍቱና በመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያኑ መካከል ባለው ሜዳ ሺዎች ተሰብስበው፣ ልዑካኑ በየተቋማቸው ዕድሜ ቅደም ተከተል ተሰልፈው፣ ዝናብ ወረደ። በባሕሩ ላይ ያለፈ ማዕበል ርዝራዥ ነበር። የጠዋቱ ሥነ ሥርዓት በዝናቡ ውስጥ እስከ መጨረሻው ተካሄደ፤ የከሰዓቱ ወደ አዳራሽ ገባ። ዝናቡ የነካው አንዱን ቀን ነው፤ የሁለት ሳምንቱ ትምህርት አስቀድሞ ተጠናቋል። ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ሜዳ ላይ የሚያስቀምጥ ኮሚቴ ይህን ልብ ቢል ይጠቀማል።

ያልተጠሩት

ከ62ቱ የክብር ማዕረግ ተቀባዮች አንዲትም ሴት አልነበረችም። ሀርቫርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴት የክብር ዲግሪ የሰጠው በ1955 ለሄለን ኬለር ነው። በ1936 ግን ክዋክብት በአብዛኛው ከሃይድሮጅን እንደተሠሩ በ1925 ያሳየችው ሴሲሊያ ፔይን በዚያው ግቢ በሀርቫርድ የከዋክብት ጥናት ማዕከል ትሠራ ነበር። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነችው በ1956 ነው። ሊቅ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ የሄደው ኮሚቴ መንገድ ተሻግሮ ቢሄድ ያገኛት ነበር። ይህን የዘመኑ አስተሳሰብ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ሥራዋ በወቅቱ በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነበርና።

የ1650ው የኮሌጁ ቻርተር የእንግሊዝንና የአገሩን ተወላጆች ወጣቶች ማስተማርን ዓላማው አድርጎ ይጠቅሳል። ለዚሁ በ1650ዎቹ የተሠራ ሕንፃ ነበር፤ ከዋምፓኖአግ ሕዝብ የሆነው ኬሌብ ቺሻቶማክ በ1665 ተመርቋል። ከዚያ ወዲያ ያ ቃል ለብዙ ዘመን ተዘነጋ። በ2022 ሀርቫርድ ራሱ ያወጣው ጥናት ደግሞ የኮሌጁ መሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች ከ70 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዘው እንደነበር ገልጾ፣ ለማካካሻ ሥራ 100 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። የኮሌጁ የልደት ታሪክ እነዚህን ሰዎች ሳይጨምር ሙሉ ሊሆን አይችልም።

የቀረው

ከበዓሉ የቀረው ምንድን ነው? ሦስቱ የጉባኤ ጥራዞች፣ የሞሪሰን ታሪክ፣ የሃርዲ ንግግር። ቻይናውያን ምሩቃን ያበረከቱት፣ በዔሊ መሳይ አውሬ ጀርባ ላይ የቆመው የእብነ በረድ ሐውልት አሁንም በግቢው አለ። ኮናንት ከበዓሉ ጋር አያይዘው ባሰባሰቡት ገንዘብ ደግሞ ከሩቅ ግዛት ለሚመጡ ችሎታ ላላቸው የድኻ ልጆች የትምህርት ዕድልና፣ በአንድ የትምህርት ክፍል ሳይታጠሩ ለሚመራመሩ ፕሮፌሰሮች ልዩ መንበር ተጠናከረ። በ1986 350ኛው፣ በ2011 375ኛው ዓመት ተከብረዋል፤ እንደ 1936ቱ የሁለት ሳምንት ጉባኤ የተወራላቸው ግን አይደሉም።

አራት መቶኛው ዓመት በ2036 ነው። ያን በዓል የሚያዘጋጀው ኮሚቴ፣ የሌላ ኮሌጅም ኮሚቴ ቢሆን፣ ከ1936ቱ ሁለት መዝገቦችን ባንድ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋ እመርጣለሁ፤ የጉባኤውን የንግግር ዝርዝርና የክብር ማዕረግ ተቀባዮቹን ስም ዝርዝር። የመጀመሪያውን ለመምሰል ይጣር። ሁለተኛውን ደግሞ ስም በስም፣ ጂኒ ለምን ገባ፣ ፔይን ለምን ቀረች እያለ ያንብበው፤ የራሱን የእንግዶች ዝርዝር መጻፍ የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ ይሁን።